መከለሻ ያልነካው ወጥ

«ያለ እሱም ይሆናል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጨው ቢጠፋ «ያለ ጨውም ይሆናል»፣ ፍሬን እምቢ ቢል «ያለ ፍሬንም ይሆናል» ይላሉ። የማኅበራቸው ሊቀመንበር እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ባለው ቤታችን ብቻዬን እኖራለሁ። ልጄ አልማዝ ጉርድ ሾላ ወዳለው ቤቷ ልትወስደኝ ቆርጣለች። በስንት ልመና፣ «እሺ፣ እሑድ ራት ሠርተህ ካበላኸን እዚሁ ትቀራለህ» አለችኝ።

ዶሮ ወጡ ሊወጣ ሲል መከለሻ እንደሌለ ትዝ አለኝ። ባለቤቴ የቀመመችው ካለቀ ዓመት ሆኖታል። ያለ እሱም ይሆናል! ባዶውን የመከለሻ ጠርሙስ ልክ እንደ እሷ ድስቱ ላይ ሦስት ጊዜ አራገፍኩት። ከኋላዬ ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ድመቷ ናት ብዬ ድስቱን አወረድኩ። ድመት ግን የለኝም።

ማዕድ ቀርቦ አልማዝ አንዴ ጎርሳ ደርቃ ቀረች። ባሏም እጁን ከትሪው ሰበሰበ።

«አባዬ፣ የእማዬን መከለሻ ከየት አመጣኸው?»

«እሱማ ካለቀ ቆየ፣ ልጄ።»

ጓዳ ገብታ ጠርሙሱን ገልብጣ አየችው። አንዲት ብናኝ የለበትም። ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች።

«በቃ እዚሁ ኑር። ለካ ብቻህን አይደለህም።»

አሸነፍኩ አይደል? ታዲያ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ከሁሉ ቀድሜ መኪናቸው ውስጥ የተገኘሁት እኔው ጀግናው ነኝ። ጠርሙሱን ግን ለአልማዝ እናት ምድጃው ዳር ትቼላታለሁ፤ እሷ እንኳ ያለ እሱ አይሆንላትም።