ማንም የማይሞትበት ግቢ

በዓለም ላይ የተከበሩ ቦታዎች ሞልተዋል፤ እንደ ፈውስ አምላኩ እንደ አስክሌጲዮስ ግቢ ያለ ግን እስካሁን አልተገኘም። በመቶ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልሞተበትም። ይህ ጉራ አይደለም፤ ተቆጥሮ የተረጋገጠ ነው። ምስጢሩም ቀላል ነው። ሊሞት የተቃረበ በሽተኛ ሁሉ በቃሬዛ ተደርጎ፣ በሙሉ ክብር፣ ከበሩ ውጭ ካለው ጥድ ሥር ይቀመጣል። ምጥ የያዛት ሴትም እንዲሁ። አማልክት ሬሳም ሆነ የወሊድ ደም ስለማይወዱ፣ በግቢው ውስጥ መሞትና መወለድ በሕግ ተከልክሏል። ሕጉን የጣሰ እስከ ዛሬ የለም፤ ሊጥስ ያሰበ ከመሰለ ቀድሞ ይወጣል።

ሐኪሙ ዴክሲፖስ በዚህ ግቢ ከተቀጠረ አርባ ቀኑ ነው። የሕክምናን መሐላ የማለው በመምህሩ ፊት፣ እጁን ዘርግቶ፣ እያለቀሰ ነበር። መምህሩን እንደ አባት ሊያከብር፣ የበሽተኛን ምስጢር ሊጠብቅ፣ ማንንም ላይጎዳ፣ በሚገባበት ቤት ሁሉ ለታመመው ሰው ጥቅም ብቻ ሊገባ ምሏል። የዋህ ነውና የማለው ከልቡ ነበር።

ሊቀ ካህኑ ቴሌክሌስም መሐላውን እጅግ ያከብሩታል። ከማክበራቸው የተነሣ፣ ገና ዴክሲፖስ ሳይመጣ፣ ሰባት አዋቂዎች ያሉበት ሸንጎ ሰብስበው ሦስት ወር አስመርምረውታል። ሸንጎው ደክሞ ደክሞ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ በሽተኛን ያልነካ ሰው በሽተኛን አይጎዳም፤ ስለዚህ ሐኪም እጁን ይሰብስብ። ሁለተኛ፣ መሐላው የሚለው «ቤት» ነው፤ ጥዱ ሥር ደግሞ ጣራ የለም፤ ስለዚህ መሐላው ከበሩ አያልፍም። ዴክሲፖስ ይህን ሲሰማ ራሱን አከከ። አዲስ ሠራተኛ ስለሆነ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከጥዱ አጠገብ ጎርጎ የምትባል አሮጊት አዋላጅ ጎጆ ቀልሳ ትኖራለች። የሚወጡትን የምትቀበል እሷ ነች። ግማሾቹን ትቀብራለች፤ ግማሾቹን በገብስ አጥሚትና በስድብ ታድናለች። የዳኑት፣ ሊቀ ካህኑ «ድኗል» ብለው በቀለበታቸው ሲያትሙላቸው ወደ ግቢው ይመለሱና ስማቸው ከአምላኩ ተአምራት መካከል ይጻፋል። የተቀበሩትን የሚጽፍ ሰው ግን አልተመደበም።

የመቶኛው ዓመት በዓል አራት ቀን ሲቀረው፣ የበዓሉን ሐውልት የሚቀርጸው ድንጋይ ጠራቢ ኤርጊኖስ ታመመ። ትኩሳቱ እንደ ምድጃ ነው፤ መተንፈስ አቃተው። ዴክሲፖስ ጆሮውን ጎኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠና ወደ ሊቀ ካህኑ ሮጠ።

«ክቡርነትዎ፣ ጎኑ መግል ቋጥሯል። ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። በጎን አጥንቶቹ መካከል ቀድጄ ላፍስሰው፤ አለዚያ ይሞታል።»

«ቀስ በል ልጄ፤ ያ ቃል እዚህ አይነገርም» አሉ ቴሌክሌስ። «ደግሞስ መሐላህ በፊኛው ድንጋይ ያለበትን ሰው አትቁረጥ አይልም?»

«ይላል። የዚህ ግን ሕመሙ ጎኑ ላይ ነው።»

«ይኼ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ ኖሯል። ከእሱ የበለጠ ድንጋይ ያለበት ሰው ከየት ልታመጣ ነው? ይልቅ ይተኛ፤ አምላክ መድኃኒቱን በሕልሙ ይነግረዋል።»

ኤርጊኖስ በተቀደሰው አዳራሽ ተኝቶ አደረ። ጠዋት ሕልም ፈቺዎቹ ከበቡት።

«ምን አየህ?»

«አማቴን።»

«ምን አለችህ?»

«ድሮም ልጄን ለድንጋይ ጠራቢ አልሰጥም ብዬ ነበር አለችኝ።»

ፈቺዎቹ እስከ ቀትር ተማከሩ። አማት መራራ ናት፤ የመራራ መድኃኒቱ ጣፋጭ ነው፤ ስለዚህ ማር ይላስ ብለው በየኑ። ላሰ። አልዳነም፤ ግን ጣፈጠው።

በሦስተኛው ቀን ከንፈሩ ጠቆረ። ዘበኞቹ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና ማንም ሳያዛቸው ቃሬዛ ይዘው መጡ። ያን ጊዜ ነው ታላቅ ችግር የተፈጠረው። ሐውልቱ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት አልተቀረጹም ነበር፤ በከተማው ሌላ ጠራቢ የለም። ሊቀ ካህኑ ጢማቸውን እያሹ አሰቡ። ታላቅ ሰው ደግሞ መላ አያጣም።

«ቃሬዛውን በበሩ ደፍ ላይ አሳርፉት» አሉ። «እጁ ወደ ውስጥ፣ እግሩ ወደ ውጭ። ድንጋዩን አቅርቡለት።»

«ክቡርነትዎ፣ በዚህ መሐል ቢሞትስ?» አለ ዴክሲፖስ። «በየትኛው ጎን ሞተ ሊባል ነው?»

«ሐኪም ነኝ ትላለህ፤ ይኼን አታውቅም? ሰው መሞት የሚጀምረው ከእግሩ ነው፤ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው እግሩ ነው። እግሩ ውጭ ከሆነ ውጭ ሞተ። እናንተ እግሩን እየዳሰሳችሁ ጠብቁ፤ በረድ ካለ ጎትቱ!»

እናም ኤርጊኖስ እያቃሰተ መሮውን አነሣ። ዘበኞቹ፣ ሕልም ፈቺዎቹ፣ ሊቀ ካህኑም ጭምር እግሩን ከበው ቆሙ። ሁሉም እግሩን ይጠብቅ ስለነበር እጁ ስንት ቃል እንደቀረጸ ያየ አልነበረም። መዶሻው ከእጁ ሲወድቅ ጎትተው አወጡት፤ ሐውልቱንም በጨርቅ ሸፈኑት።

ዴክሲፖስ ይህን ሁሉ እጁን ሰብስቦ አየ። በራሱም አፈረ። ከዚያ የመቅደጃ ስለት የያዘ ከረጢቱን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

«ወዴት ነው?» አሉ ቴሌክሌስ። «ከዚህ በር ከወጣህ መመለሻ የለህም። ውጭ ያለው ደግሞ ቤት አይደለም!»

«የጎርጎ ጎጆ ጣራ አለው፣ ክቡርነትዎ። ስገባ ቀና ብዬ አያለሁ።»

ጎርጎ በሽተኛውን አስገብታ ከኋላው ደግፋ ይዛዋለች። ዴክሲፖስ ስለቱን ጎኑ ላይ አሳርፎ ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

«ብጎዳውስ?»

«አንተ ብትተወው ነው የሚጎዳው። ቅደድ እንጂ፣ ልጄ!»

ቀደደ። የወጣው መግል ሽታው ጎርጎን ለሁለት ቀን እህል እንዳትቀምስ የሚያደርግ ነበር። ማታ ኤርጊኖስ ዓይኑን ገልጦ አጥሚቱ ጨው የለውም ብሎ አማረረ። ዴክሲፖስ ይህን ሲሰማ ከደስታው ብዛት ወጥቶ የግቢውን ግንብ ተደግፎ አለቀሰ።

የበዓሉ ቀን ከተማው ሁሉ ተሰበሰበ። ሊቀ ካህኑ ረጅም ንግግር አድርገው ጨርቁን ገለጡና፣ ትርጉሙን ሳያስቡ ጮክ ብሎ ማንበብ የቆየ ልማዳቸው ነውና፣ አነበቡ፦

«በዚህ ግቢ ውስጥ በመቶ ዓመት አንድም ሰው አልሞተም። የሞትነው ሁላችን በሩ ላይ ነን። ቆጣሪ ይላክልን።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። የሊቀ ካህኑ ፊት አመድ መሰለ፤ ላብ አጠመቃቸው፤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሁለቱ ዘበኞች ተያዩና እግራቸውን ዳሰሱ።

«ክቡርነትዎ፣ እግርዎ ቀዝቅዟል።»

«ደህና ነኝ! ልቀቁኝ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለ ታላቁ ዘበኛ፣ በአክብሮት ወደ ቃሬዛው እያነሣቸው።

ጥዱ ሥር ዴክሲፖስ ደረታቸውን አዳመጠ። ምንም አልሆኑም። ሊቀ ካህኑ ዘለው ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ።

«‹ድኗል› የሚል ማኅተም ይዘዋል?» አለ ዘበኛው።

«ማኅተሙ ይኸው ጣቴ ላይ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!»

«በበሽተኛ እጅ ያለ ማኅተም አይሠራም፤ የራስዎ ትእዛዝ ነው። ጤነኛው ሊቀ ካህን ይምጡና ያትሙልዎ።»

በዚህ መካከል ሌላ ቃሬዛ ወጣ። በዓሉን ለማየት የመጣች ሴት ምጥ ይዟት ነበርና እንደ ሕጉ እሳቸው እግር ሥር አስቀመጧት። ጎርጎ እጅጌዋን እየሰበሰበች ከጎጆዋ ወጣች።

«አንተ ጢማሙ! ቆመህ ከምታይ ከኋላዋ ደግፋት!»

«እኔ?» አሉ ቴሌክሌስ። በሰባት ዓመት ሹመታቸው የታመመ ሰው ነክተው አያውቁም። «ብ... ብጎዳትስ?»

«አይዞህ» አለች ጎርጎ። «ሳትነካ ካደረስከው ጉዳት አይብስም።»