አረፋ የሌለው እጥበት

የሰው ልጅ አረፋ ሲያይ ይጽናናል። ልብስ ሲያጥብ አረፋ ካላየ እድፉ የለቀቀለት አይመስለውም። ንግግር ሲሰማም እንደዚያው ነው፤ ተናጋሪው አፉ አረፋ ካልደፈቀ ቁም ነገር የሰማ አይመስለውም። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት አረፋ ቢጠራቀም ሁለቱን ናይሎች ሞልቶ፣ ድልድዮቹን ነቅሎ፣ ግብፅን ያለ ዝናብ ያጥለቀልቃል። ያለ አረፋ ጠርቶ ያየሁት ነገር ግን አንድ ብቻ ነው። እሱንም የወደደው የለም።

ይህን የምላችሁ ካርቱም፣ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ሆኜ፣ አርብ አርብ ከየሰው ቤት ሥራ ለግማሽ ቀን የሚለቀቁትን የአገሬን ልጆች ወሬ ስቃርም ስለኖርኩ ነው። አንድ ሰሞን ወሬው ሁሉ የፀጉር ሆነ። ሻምፑ ቀረ፣ አሁን በኮንዲሽነር ብቻ ነው የምንታጠበው አሉኝ። እንደ እርጎ ወፈር ያለ ነገር ነው፤ ይቀቡታል፣ ያሹታል፣ በውኃ ያለቀልቁታል፤ ለመድኃኒት የሚሆን አረፋ የለውም። ሳቅሁባቸው። በኋላ ግን ነገሩን ሲያስረዱኝ ልክ ናቸው። የካርቱም አቧራ እንደ ሌላው አገር አቧራ መጥቶ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ፤ ፀጉር ውስጥ ከገባ ቤት ተከራይቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ነው የሚኖር። ሻምፑው እሱን አስወጣለሁ ሲል የፀጉሩን ወዝ ጨምሮ ይዞት ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ጣርሃ በሚሉት ሻሽ ተጠቅልሎ የሚውል ከርዳዳ ፀጉር ደግሞ ወዙ ከሄደ እንደ ጤፍ ጭድ ነው፤ ሲነኩት ይሰበራል።

ከልጆቹ ሁሉ በዚህ ነገር የጠናባት ጥሩወርቅ ነበረች። ካፉሪ፣ ባለጸጎቹ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። ፀጉሯ ሲፈታ፣ ውሸት ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው፣ የሰፈሩ ጥላ በእጥፍ ይጨምራል። ይህ ፀጉር መነቃቀል ጀምሮባት ስታለቅስ ከረመችና ከባሕሪ ገበያ የኮኮናት ሥዕል ያለበት አንድ የላስቲክ ጠርሙስ ገዛች። ርካሽ ነው። በሁለት ወር ፀጉሯ ተመለሰ፤ መዓዛዋም እሷ ከመድረሷ በፊት ቀድሞ በር የሚያንኳኳ ሆነ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ መዓዛ ነው።

አንድ ከሰዓት የአሠሪዋ የመዳም ባል ሳሎን ውስጥ ጀርባውን ለኮሪደሩ ሰጥቶ ቴሌቪዥን ያያል። ጥሩወርቅ የተጣጠፈ ልብስ ታቅፋ ከኋላው ታልፋለች። ሰውዬው ዞር ሳይል፣ በመዓዛው ሚስቱ መስላው፣ «ሐቢብቲ፣ መነጽሬን አይተሽልኛል?» ይላል። እሷም «እኔ ነኝ እኮ» ትላለች። ዞሮ ሲያያት «አስተግፊሩላህ» ብሎ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። አርብ መጥታ ይህን ስትነግረን እኛም ሳቅን። ያልሳቀችው ደረጃው ላይ ቆማ የሰማችው መዳም ብቻ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሱዳን ውስጥ ሽታ ቀላል ነገር አይደለም። ያገባች ሴት የራሷ ሽቶ፣ የራሷ ጢስ፣ የራሷ ቅባት አላት፤ በር ላይ ሲደርሱ ቤቱ ባለቤት እንዳለው የሚታወቀው በመዓዛዋ ነው። ሴትዮዋን ሳያዩ ሴትዮዋን ያውቋታል። ይህን እኔ ከስንት ዓመት ኑሮ በኋላ እያወቅሁት፣ በሚያስፈልገኝ ቀን ረሳሁት።

በዚያ አርብ ማግስት መዳም ጥሩወርቅን ጠርታ ፀጉሯን አሸተተች። «ከኔ ጠርሙስ ሰርቀሻል» አለቻት። የመዳም ጠርሙስ ከዱባይ የመጣ፣ ጥቁር መስታወት፣ ክዳኑ ወርቅማ፣ እሱም ከነዚሁ አረፋ ከሌላቸው ማጠቢያዎች አንዱ ነው። ልጅቷ ብትምል ብትገዘት የሚሰማት ጠፋ። ፓስፖርቷም የመኖሪያ ፈቃዷም ያሉት መዳም ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ፖሊስ ከተጠራ ሌባ ተብሎ መታሰር፣ ከዚያም ድንበር ላይ መጣል አለ። እስከ አርብ ለምና ጊዜ አገኘችና ገበያ በተላከችበት ቀን ሾልካ እኔ ዘንድ መጣች።

የኛ ሰው ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። አገር ቢለወጥ፣ ቋንቋ ቢለወጥ፣ ሽማግሌ መላክ አይቀርም፤ ጨረቃ ላይ ብንሰደድ እንኳ መጀመሪያ የምንጭነው ሦስት ሽማግሌ ነው። እኔ አንዱ ሆንኩ። ሁለተኛው መርዕድ ነው። መርዕድ ድሮ አገር ቤት ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር፤ ፖለቲካው አባርሮት እዚህ ከመጣ ወዲህ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ሦስተኛ ሽማግሌ አጣን።

ሽምግልና የራሱ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ የሚሄደው «አጥፍታለች፣ ለኛ ሲሉ ይማሯት» ሊል እንጂ ሊከራከር አይደለም። ጥፋት ባይኖር እንኳ ተበድሮም ቢሆን ያቀርባል። እኔም ይህንኑ አሰብኩ፤ በተለይ መዳም ይቅርታ ማድረግ የምትወድ ሴት እንደሆነች ሰምቻለሁ። ጥሩወርቅ አንድ ጊዜ ብርጭቆ ሰብራ ይቅር ብላታለች፤ ያንን ይቅርታዋን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሻይ ጋር ታቀርበዋለች ይባላል። ጥሩወርቅ ግን እንቢ አለች።

«ጋሼ፣ ማሯት እንዳትሉብኝ። አልሰረቀችም በሉልኝ።»

መርዕድ በዚህ ንግግር ነፍሱ ለመለመ። ፎቶ ኮፒ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ማንም ኬሚስትሪ ጠይቆት አያውቅማ። «ጠርሙስሽን አምጪ» አላት። አንስቶ ጀርባውን ሲያነብ፣ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ በሚያህለው መነጽሩ ውስጥ ዓይኑ ሲያበራ አየሁት። ፈራሁ። ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። ካርቱም ውስጥ ዝም ባለ አፍም አቧራ እንደሚገባ ዘነጋሁ።

አርብ፣ አምጃድ በሚሏት ትንሽ ታክሲ ድልድዩን ተሻግረን ካፉሪ ገባን። ፀሐዩ የሰውን ጥላ ሳይቀር ያልበዋል። መዳም በክብር ተቀበለችን፤ ሳሎን አስቀመጠችን፤ በረዶ ያለበት ከርከዴ መጣ። እኛ ደግሞ ሽማግሌዎች ነን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንጠጣም ብለን ብርጭቆውን ገፋ አደረግነው። በኛ አገር ክብር ነው፤ በነሱ አገር የቀረበልህን መግፋት ስድብ ነው። መዳም ብርጭቆውን አየችው። እኔም አየሁት፤ እኔስ ያየሁት በፍቅር ነው።

ሴትዮዋ ራሷ ጥቁሩን ጠርሙስ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። መርዕድም ከኮቱ ኪስ ኮኮናቱን አውጥቶ ከጎኑ አቆመው። ጥሩወርቅ በሩ ጋ ቆማለች። ከዚያ መርዕድ በዚያ ቀስ ባለ የአስተማሪ ዓረብኛው ጀመረ።

መጀመሪያ የሚጻፈው ከሁሉ የሚበዛው ነው አለ። የሁለቱም መጀመሪያ ውኃ ነው። ቀጥሎ ሴተሪል አልኮል ይላል፤ አልኮል ሲባል መዳም ጠርሙሱን በአንድ ጣቷ ራቅ አደረገችው። አያሰክርም፣ እንደ ሻማ ያለ ስብ ነው፣ ፀጉር የሚያለሰልሰው እሱ ነው ብሎ አረጋጋት። ከዚያ ቤሄንትሪሞኒየም ክሎራይድ የሚባል መጣ፤ ስሙ ብቻ ተጠርቶ እስኪያልቅ አውቶቡስ ፖርት ሱዳን ይደርሳል። ያለ አረፋ የሚያጥበው ይህ ነው፤ በዚያም አለ፣ በዚህም አለ። ግሊሰሪን በዚያም፣ በዚህም። ሽቶ በዚያም፣ በዚህም። ከሽቶው በኋላ የዱባዩ የአርጋን ዘይት ይላል፣ የባሕሪው የኮኮናት ዘይት ይላል። ከሽቶ በታች የሚጻፍ ነገር ለስሙ ጠብ የተደረገ ነው እንጂ አለ የሚባል አይደለም አለ። «አርጋኑም ኮኮናቱም ያለው ሥዕሉ ላይ ነው፣ መዳም። የቀረው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።»

ይህም አልበቃውም። ሁለቱንም ክዳኖች ከፍቶ ወደ ሴትዮዋ አስጠጋላት። ጥቁሩን አሸተተች። ኮኮናቱን አሸተተች። ተመልሳ ጥቁሩን አሸተተች።

መርዕድ ሰሌዳ ሞልቶ እንደጨረሰ አስተማሪ ወደ ኋላ ተደገፈ። እኔ የመዳምን ፊት አየሁና ያን ጊዜ፣ ከረፈደ፣ ገባኝ። ሴትዮዋ የጠበቀችው ልቅሶ ነው፤ ጉልበት ላይ መውደቅ፣ «እርስዎ ታላቅ ነዎት» መባል፣ ቆይቶ ከሻይ ጋር የሚቀርብ አዲስ ይቅርታ። አረፋ ጠበቀች። እኛ አረፋ የሌለው ይዘንላት ሄድን።

ተነስታ ወደ ላይ ወጣች። ስትመለስ ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዛለች፤ ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ ጠርሙሶች መሃል አስቀመጠችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አልሰረቀችም። አመንኩ። ሌባ ብትሆን ይቅር እላት ነበር። በዚህ ቤት ግን እኔን የምትሸት ሴት አንዲት ናት፤ እሷም እኔ ነኝ። ኸላስ።»

ከርከዴው በረዶው ቀልጦ ቀረ። ያኔ ካርቱም ውስጥ ትልቁ ጭንቃችን ይህን የመሰለ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ጦርነት እናንተም ሰምታችኋል፣ አልደግመውም።

ጥሩወርቅ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ታክሲው ውስጥ ከፊት ተቀመጠች። መርዕድ ከኋላ ሆኖ አሁንም በድሉ ይሞቃል።

«አመኑ?» አለችው፣ ሳትዞር፣ በጆሮዋ እንዳልሰማ ሰው።

«አመኑ እንጂ። ምን ይላሉ ታዲያ፣ ተጽፎ።»

«አልሰረቀችም አሉ?»

«በራሳቸው አፍ።»

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞረች።

«እና ለምን ወጣሁ?»

መርዕድ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ጀሪፍ ስንገባም ገና እየጠረገ ነበር። ያን መነጽር እስከ ዛሬ የሚጠርገው ይመስለኛል።

አባቶቻችን እውነት ተናግረህ ከመሸበት እደር ይላሉ። ተረቱ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እውነቱን የተናገርነው እኛ ነን፣ ሁለታችንም ያን ማታ በየአልጋችን አደርን። ከመሸበት ያደረችው እሷ ናት። አንዷ ጓደኛዋ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሻንጣዋን ተንተርሳ።

ሥራ ወዲያው አልጠፋም፤ ስሟ ንጹሕ ነውና። ሌላ ቤት፣ ሌላ መዳም አገኘች። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አርብ መጣች። ጣርሃዋን አጥብቃ አስራዋለች፤ ከግንባሯ በላይ ያ ሰፈር የሚያጠላ ፀጉር እንደሌለ ከሩቅ ያስታውቃል። መዓዛዋም ቀድሟት አልመጣም። የኮኮናቱስ ጠርሙስ ብዬ ጠየቅኋት።

«ተውኩት፣ ጋሼ። አሁን የምታጠበው በልብስ ሳሙና ነው።»

«ፀጉርሽን አይጨርሰውም?»

«ይጨርሰዋል» አለች። ከዚያ ሳቅ ብላ፣ «አረፋው ግን ቢያዩት ጉድ ነው» አለችኝ።