የምንትዋብ በረኛ

«ያ በረኛሽ ደንበኛ ይሸጣል አሉ» ይላሉ ክር ሻጯ እትዬ ዘርትሁን፣ በመጡ ቁጥር። ማን አለ ሲባሉ «አሉ ነዋ» ብለው ክራቸውን ይጠቀልላሉ። «አሉ» የሚባለው ሰው አድራሻ ስለሌለው አይከሰስም።

በረኛው ሰው አይደለም። ምንትዋብ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ብቻዋን የቀሚስ ጥልፍ ትነድፋለች፤ በረኛው ስልኳ ላይ የተጫነ መተግበሪያ ነው። ቀድሞ ማንም ሲጽፍላት ብድግ ብላ የምትመልሰው ራሷ ነበረች። አብነት የሚባል ልጅ ነው ሥራሽን ላቅልልልሽ ብሎ የሠራላት።

«ከእንግዲህ ጉዳይ ያለው ብቻ ይገባል» አላት። «ሌላው ውጭ ይቆያል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እሷም ጸጥታውን ሥርዓት ነው ብላ ወደደችው።

አንድ ሰው ግን ትጠብቅ ነበር፤ ወይዘሮ አምሳለን። የትልቋ ልጃቸውን የሰርግ ቀሚስ የነደፈችላቸው እሷ ናት። አሁን የትንሿ ሰርግ ደርሷል፤ ያንን ቀሚስ ካገኘች ስሟ ከሽሮ ሜዳ ይሻገራል። የሴትዮዋ ድምፅ ግን ጠፋ።

ያኔ የእትዬ ዘርትሁን ወሬ ሥር ሰደደባት። አብነትን አስጠራችው።

«ወይዘሮ አምሳለን ለማን ሰጠህብኝ?»

«በረኛው ማንንም አላባረረም።»

«ሌባም ሲጠየቅ እንደሱ ነው የሚለው።»

«እንግዲያ ፈትኚው።»

ጓደኛዋን እንደ ደንበኛ አስጻፈቻት፦ ቀሚስ እፈልጋለሁ፣ ለጥር። መልእክቱ ወዲያው ገባ። በረኛው ታማኝ ሆነና ጥርጣሬዋ ቤት ቀይሮ ወይዘሮ አምሳለ ላይ አረፈ። ወረተኛ፣ አለች በሆዷ። ልትደውል ስልኩን አነሣች፤ ኩራቷ መልሶ አስቀመጠው። የፈለገኝ ይምጣ፣ ደጄ ክፍት ነው።

ሰርጉም ቅልቅሉም ካለፈ በኋላ ገበያ መሐል ተገጣጠሙ።

«ረሱኝ አይደል፣ እትዬ አምሳለ?»

«እኔ? ስንት ጊዜ ጻፍኩልሽ እንጂ። እንዴት ሰነበትሽ፣ እናትሽስ ተሻላቸው ወይ ብዬ። ያ ነገርሽ ጉዳይዎን ይጻፉ ይለኛል። ለሰላምታዬ መልስ ከነፈገችኝ ልጅ ቀሚስ ልዘዝ? እኛ እንደሱ አላደግንም፣ ልጄ።»

ምንትዋብ እዚያው ቆማ ስልኳን ከፈተች፤ በረኛው ውጭ ያስቀራቸው መልእክቶች ያሉበትን ቦታ ያን ቀን ገና ማየቷ ነው። ወይዘሮ አምሳለ ብቻቸውን አልነበሩም። ለጉዳያቸው የመጡት ሁሉ ገብተው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው ወጥተዋል። ሰላም ይዘው የመጡት ናቸው ደጅ ያደሩት።