ሞት በመመሪያ የቀረላት ከተማ

ልማት እንደ ዝናብ ከላይ ይወርዳል። በአንዲት ከተማ ግን የወረደው በወረቀት ነበር፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ በተሰመሩ ሁለት መስመሮች። ይህን ታላቅ ተግባር የፈጸሙት የልደትና የሞት መዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። የዐይን ምስክራቸው ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማኅተም ስትመታ የኖረችው መዝጋቢ ናት፤ ባልደረቦቿ «እትዬ ማኅተም» ይሏታል።

ኃላፊው የአምስት ቀን ሥልጠና ወስደው በተመለሱበት ዕለት ግራፍ ግድግዳው ላይ ለጠፉ።

«አየሽ እትዬ፣ አገር ሲያድግ መጀመሪያ ሞት ይቀንሳል፤ ቆየት ብሎ ልደት ይከተለዋል። ሁለቱም መስመሮች ዝቅ ካሉ አደግን ማለት ነው።»

«እንዲያው ጌታዬ፣ ከመስመሩ በፊት ንጹሕ ውሃ፣ ሐኪም፣ ለሴቶቹም ትምህርት የሚባል ነገር አይቀድምም?»

«እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ድርሻ ነው። የእኛ ድርሻ መስመሩ ነው።»

በሽተኛውን ሲያተኩሰው ቴርሞሜትሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚነክር ሐኪም ይህን ጥበብ ያውቀዋል።

ለዓመቱ ሠላሳ ልደትና አሥራ ሁለት ሞት ተፈቀደ። ኮታው በመጀመሪያው ወር አለቀ። ሕዝቡ ግን ግንዛቤ ስለሚጎድለው መውለዱንም መሞቱንም ቀጠለ። ኃላፊው አልተበገሩም። የሞተ ሁሉ «ከተማዋን የለቀቁ» በሚለው መዝገብ፣ የተወለደ ሁሉ «ከሌላ ቦታ የመጡ» በሚለው እንዲጻፍ አዘዙ።

«ውሸት አይሆንብንም?» አለች እትዬ ማኅተም።

«ምኑ ነው ውሸቱ? ሟቹ አልሄደም? ሕፃኑስ አልመጣም?»

እንደታዘዘችው ጻፈች። ሰባተኛው ወር ላይ ግን አንዲት ልጇ፣ ልጅ ለማግኘት ስምንት ዓመት ስትጠብቅ ኖራ፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። የልደት ወረቀት ከሌለ ክትባትም የለም፣ ውሎ አድሮም ትምህርት ቤት የለም። አያት ለመነች፤ ኃላፊው ግራፉን አሳዩአት። የልጅ ልጇን በገዛ እጇ ከመጤዎች ተርታ አስገባች። «የመጣችበት ቦታ» ይላል ቅጹ። «ሩቅ» ብላ ጻፈች።

በዓመቱ መጨረሻ ከተማዋ በአርአያነቷ ዋንጫ ተሸለመች። ዋንጫው ገና ከነላስቲኩ ሳለ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰ። «ሥራም፣ ሙያም፣ አንዳንዶቹ ጥርስ እንኳ የሌላቸው ስድስት መቶ መጤዎች ከተማችሁን አጥለቅልቀዋል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወደ መጡበት ይመለሱ» ይላል። ማስጠንቀቂያው ለእያንዳንዱ መጤ በስሙ ታደለ።

የእትዬ ማኅተም ልጅ ወረቀቱን በአንድ እጇ፣ ሕፃኗን በሌላው ይዛ መዝገብ ቤቱ ገባች።

«እማዬ፣ ወደ መጣሽበት ተመለሺ ይላታል እኮ! እኔ እንደሆንኩ መልሼ አልቀበላትም፤ ዘጠኝ ወር ይበቃኛል!»

እትዬ ማኅተም ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት። ሁለቱንም ዋጠችና ደብዳቤውን ይዛ ኃላፊው ዘንድ ገባች።

«የልጅቷ ነገር ትእዛዝ ነው፤ ምን ላድርግ እትዬ?» አሉ ኃላፊው ዋንጫውን እየወለወሉ።

«ልክ ነው ጌታዬ። ሁለተኛውን ገጽ ግን አይተውታል?»

አነበበችላቸው። «ከተማዋን ጥለው የሄዱትን አራት መቶ ነዋሪዎች፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወዳሉበት በግንባር ሄደው፣ አግባብተው ይመልሱ። ለጉዞው የመሄጃ ወጪ ብቻ ተፈቅዷል።»

ኃላፊውን ላብ አጠመቃቸው።

«እትዬ! ሰዎቹ እኮ ሞተዋል!»

«ኧረ ምን በወጣቸው! ሞት ከቀረ እኮ ከረመ፤ እርስዎም ፈርመውበታል።»

«ጻፊያቸው! ሁሉንም የሞት መዝገብ ላይ ጻፊልኝ፣ በእናትሽ!»

«በተራ ነው ጌታዬ። ቀድማ የመጣች እንግዳ አለችብኝ።»

አቧራ የጠጣውን የልደት መዝገብ አውጥታ የልጅ ልጇን ስም ጻፈች። «የተወለደችበት ቦታ» ከሚለው ፊት ለፊት «እዚሁ» ብላ ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መታችበት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሕፃናትና ወደ ሟቾቹ ዞረች።

እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ሁለቱም መስመሮች ጣሪያ ነኩ፤ ከተማዋም በአንድ ከሰዓት ተመልሳ ኋላ ቀረች። ነዋሪዎቹ ግን ልዩነቱ አልታወቃቸውም። የቧንቧ ውሃቸው ከተማዋ «ባደገችበትም» ዘመን ይመጣ የነበረው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው።