የሟቾች አፈ ቀላጤ

ሰው የሚሰቀልበት ከተማ ሁሉ፣ ሟቹ ምን ብሎ እንደሚሞት ከሟቹ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው አያጣም። በእኛ በለንደን ይህ ማዕረግ የክብርት ወይዘሮ ዶርካስ ፕሊም ነው።

ስቅላቱ ሰኞ ጠዋት በኒውጌት እስር ቤት በር ላይ ነው፤ የሟቹ ቃል የሚወጣበት የስንብት ወረቀት ግን እሑድ ታትሞ ያድራል። ሟቹ ገና ከክፍሉ ሳይወጣ ወይዘሮ ዶርካስ ሕዝቡን በክርናቸው እየሰነጠቁ፣ "የመጨረሻ ቃሉን ግዙ! ኑዛዜውና ግጥሙ!" ይላሉ። በወረቀቱ አናት ላይ ያለው ሥዕል ሁልጊዜ ያው አንድ ጢማም ሰው ነው። ሴት ስትሰቀልም እሱው ነው።

ከታተመው አንዲት ቃል አይለውጡም። አንድ ጊዜ ማተሚያ ቤቱ ሃያ ሰባት ዓመት የሆነውን ሌባ ሁለት መቶ ሰባት ብሎ ቢያትመው፣ "የሁለት መቶ ሰባት ዓመቱ ሽማግሌ!" እያሉ ሲጮኹ ዋሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከገመዱ ሥር ምሕረት የመጣለት ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ የራሱን ኑዛዜ ከእጃቸው ገዛ።

"እማማ፣ እኔ እኮ ይህን አላልኩም!"

"የታተመ አይሻርም፣ ልጄ። አስቀምጠው፤ አንድ ቀን ትለዋለህ።"

የሰፈራችን ልጅ ሳይላስ ታክ ፈረስ ሰርቆ የተሰቀለ ዕለት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እናቱ ማርጀሪ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ መስቀያው ከማይታይበት ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ኋላ ቆማ ነበር። ሕዝቡ ጸጥ አለ፤ ከዚያ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ማርጀሪ ወደ ወይዘሮ ዶርካስ መጣች።

"ዶርካስ፣ ከሩቅ ሆኜ ድምፁን አልሰማሁም። ልጄ ምን አለ? አንብቢልኝ።"

ማርጀሪ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ከወይዘሮ ዶርካስ ጎን ስለነበርኩ ወረቀቱን አየሁት። ለሟች ሁሉ የሚታተመው ያው ግጥም ነበር፦

"እናቴ በልጅነቴ ብትገርፈኝ ኖሮ፣
ይህ ገመድ ባንገቴ ባልገባም ነበር ዞሮ።"

ወይዘሮ ዶርካስ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። ያ ገበያ የሚያናጋ ድምፃቸው ሰለለ።

"'እናቴን አደራ' ይላል። 'ያሳደገችኝ በደግ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።'"

ቤት የማይመታ ግጥም ከአፋቸው ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አጠገባችን አንድ መነጽራም ሰውዬ የራሱን ወረቀት አገላብጦ፣ "እዚህ ላይ እኮ እንዲህ አይልም፣ እመቤቴ" አለ።

"የእርስዎ የእሑዱ ነው! የእኔ የዛሬው ነው!"

ሰውዬው የማርጀሪን ፊት አየ፤ ወረቀቱንም አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"በይ ስጪኝ" አለች ማርጀሪ። "ቄሱ እሑድ እሑድ ያነብልኛል።"

ወይዘሮ ዶርካስ ወረቀቶቹን በሙሉ ሽርጣቸው ሥር ወሸቁ። "አይሸጥም።"

"እከፍልሻለሁ እኮ!"

"አይሸጥም አልኩሽ!"

"አገር ሁሉ የገዛውን የልጄን ቃል ለእኔ ትነፍጊኛለሽ? ልብሽ ድንጋይ ነው!"

ወይዘሮ ዶርካስ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ቢሸጡት ለአንድ ሳምንት የሚበሉበትን ወረቀት ወደ ቤት ወስደው እሳት አነደዱበት።

ማርጀሪ እስከ ዛሬ ሰላም አትላቸውም። ሰፈሩ ውስጥ ማንበብ የሚችል ሁሉ ነገሩን ያውቃል፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም እኚህን አፈኛ ሴትዮ እወዳቸዋለሁ፤ ሲያልፉ ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ። እርሳቸው ግን እንደ ሰካራም ቆጥረው ይገላምጡኛል።

ባለፈው ሰሞን ማርጀሪ ልብስ እያጠበች፣ "ያሳደገችኝ በደግ ነው ብሎ ነው የሞተው" ስትል፣ አንዲት እንግዳ ሴት በዚያ ሲያልፉ ወደነበሩት ወደ ወይዘሮ ዶርካስ ዞራ፣ "እውነት ነው? እንዲያ ብሏል?" አለቻቸው።

ወይዘሮ ዶርካስ እርምጃቸውን ሳያቆሙ፣ "የታተመ አይሻርም" አሉ።