የማርቆስ ተማሪ

የሰው ደግነት አስቀንቷችሁ ያውቃል? እኔን አንገብግቦኛል።

ሶዶ ኮሌጅ ስንማር የዶርሜ ልጅ ማርቆስ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቶና አካባቢ እየሄደ፣ ማማ ኛቦል ለምትባል ደቡብ ሱዳናዊት ስደተኛ በነጻ አማርኛ ያስተምር ነበር። ማርቆስ የገሱባ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በወላይትኛ ስለሆነ በአማርኛ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። ታዲያ እሱ አስተማሪ ሆኖ ሲመሰገን፣ አፌን በአማርኛ የፈታሁት እኔ ተኝቼ ልዋል? ይሄ ፍትሕ ነው?

አንድ ቅዳሜ ማርቆስን ወባ ጣለው። በእሱ ፈንታ እየበረርኩ ሄድኩ።

ማማ ኛቦል በሩን ከፍታ፣ "ግቢ፣ ልጄ" አለችኝ።

"ለወንድ 'ግባ' ነው የሚባለው" አልኳት፣ ገና ሳልቀመጥ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አረምኳት። አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ ቆየችና እርሳሷን አስቀመጠች።

"አንተ ብዙ ታውቃለህ። እኔ መናገር ፈራሁ" አለችኝ። "ማርቆስ ይሳሳታል፣ አብረን እንስቃለን። የኔን ቋንቋ ይሞክራል፣ ደግሞ እንስቃለን። እዚህ አገር ከሌላ ሰው ጋር ስቄ አላውቅም። ማርቆስን ሰላም በይልኝ።"

"በይልኝ" ያለችውን ለማረም አፌ እምቢ አለኝ።

ዶርም ስገባ ማርቆስ እየተንቀጠቀጠ ከብርድ ልብሱ ብቅ አለ። "ማማ ስለ እኔ ጠየቀች?"

"አልጠየቀችም" አልኩት።

ፊቱ በራ። "እሰይ! አንተን ወደደችህ ማለት ነው። እንግዲህ ብቻዋን አትሆንም።"

ለዚህ ንግግሩ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።