እትዬ የሺ ያቃጠሉት መርማሪ

በእኛ አገር የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ወይ ደፋር ነው፣ ወይ አከራዩን በደንብ አያውቅም። እኔ ሁለተኛው ነኝ!

ደብረ ብርሃን፣ እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍ ከረምኩ። ብርዱን ታውቁታላችሁ... ጋቢ ተከናንቤ፣ ጣቶቼን በትንፋሼ እያሞቅኩ ነው የጻፍኩት። በልብ ወለዴ፣ እዚሁ ጎረቤት ጫጫ ከተማ አጠገብ ሬሳ ይገኛል፤ ጎበዝ መርማሪ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ በየቤቱ እያንኳኳ ይጠይቃል፤ ሰዉም ያየውን ሁሉ ይዘረግፍለታል። ለገጸ ባሕርያቱ ስም ማውጣት ቢሰለቸኝ የጎረቤቶቻችንን ስም ወሰድኩ። እንዳይምታታብኝ ደግሞ በምጽፍበት ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደረደርኳቸውና ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «ተጠርጣሪዎች» ብዬ ጻፍኩ። አይ ጅልነት!

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ደብተሩ የለም። ፍራሹን ገለበጥኩ፣ አልጋ ሥር ገባሁ... የለም! ወደ ውጭ ስወጣ እትዬ የሺ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው የከሰል ምድጃቸውን ይቆሰቁሳሉ።

«እትዬ፣ ደብተሬን አላዩም?»

«እኔ ምንም አላየሁም።»

«ክፍሌ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው...»

«አልሰማሁም።»

ስለ ደብተር ሲጠየቅ «አልሰማሁም» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ዓይኔ ምድጃው ላይ አረፈ። ከአመዱ መሃል ቀይ ጽሕፈት ያለበት ቁራጭ ወረቀት!

«አቃጠሉት?!»

«ቀስ በል እንጂ! ጠዋት ወረቀት የያዙ ሁለት ሰዎች በር አንኳኩ። ትርፉን ቁልፍ ይዤ ወደ ክፍልህ ሮጥኩ። ደብተሩን ብገልጠው የሰፈሩ ሰው ስም ተደርድሯል... ቄሱ እንኳ አልቀሩ! ምን ላድርግ? ሳልከፍትላቸው አነደድኩት።»

«ሰዎቹ ምን ፈልገው ኖሯል?»

«የውሃ ቆጣሪ ሊያነቡ።»

ሁለት ዓመት! ልጮህ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። በደርግ ጊዜ፣ አሰሳ መጣ ሲባል፣ የታላቅ ወንድማቸውን መጻሕፍት አንድ ሳያስቀሩ ያቃጠሉት እሳቸው ናቸው። «መጻሕፍቱን ጨረስኩ። የእሱን ስም ግን ቀድመው ጽፈውት ኖሯል» አሉኝ። ከወሰዱት ወዲህ አልተመለሰም።

ጩኸቴን ዋጥኩት። ደግሞም አፈርኩ። ያ የእኔ መርማሪ ባንኳኳ ቁጥር በሩ ወለል ይልለት የነበረው ምን ስለሆነ ነው? እዚሁ ግቢ ተቀምጬ የሰው አገር መጽሐፍ ስጽፍ ከርሜያለሁ ማለት ነው። በእኛ ሰፈር በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚፈለገው ክብሪት ነው፤ ቁልፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«በሉ እንደ አዲስ ልጽፈው ነው» አልኳቸው። «አሁን እርስዎም ይገቡበታል።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አሰብ አደረጉና፣

«ጻፍ ልጄ፣ ማን ከለከለህ!» አሉኝ። «ብቻ በስስ ወረቀት ይሁን... የዛሬው አልነድ ብሎ ጉድ ሊያፈላብኝ ነበር።»